ሁለት ሰዓት ተኩል ሙቀት

እናቱ ናት ብሎ ነው ያነሳው፣ ስክሪኑ ላይ ብቅ ያለው ስም የእሷ ነዋ፣ ኤልማ ብራምል፣ ሮዝበሪ፣ የቤት ቁጥር አስራ አንድ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያልረገጠው ደጃፍ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ፣ እና በቀን ሰማንያ ጊዜ የሚላትን ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ከየት እንደሚጀምራት ጠፍቶት፣ እንደምን ዋሉ፣ ሮስ እባላለሁ፣ ምን ልታዘዝ፣ ይላል፣ ከዚያ የሴት ድምፅ ይጠብቃል።

ሃሎ? ይሰማል?

ወንድ ነው።

ይሰማል ጌታዬ፣ ይላል አፉ፣ እሱ ግን ወንበሩ ላይ የለም፣ ሎንሰስተን ከተማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሠላሳ ሰው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የመብራት ደንበኛ በሚያነጋግርበት አዳራሽ ውስጥ የለም፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው፣ ሲሚንቶው ላይ፣ በባዶ እግሩ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፣ በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል፣ ክላይቭ ነው፣ አባቱ ነው፣ አርጅቷል፣ በየቃሉ መሀል አየር ያንሰዋል፣ ግን እሱ ነው፣ ሃሎ ሲል እንኳ ጥፋት የሚፈልግ የሚመስለው እሱ ነው።

ስለ ማሞቂያው ነበር ልጄ፣ ይላል ሽማግሌው፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሙዚቃ ስታሰሙኝ ስለቆያችሁ ጆሮዬ ደንቁሯል።

ልጄ።

አስራ ሰባት ዓመት በአንድ ጣሪያ ስር ኖረው አንድ ቀን ልጄ ብሎት አያውቅም፣ አንተ ነበር፣ ያ ነበር፣ ለእናቱ ሲናገር ልጅሽ ነበር፣ ልጅሽ ጫማውን በረንዳ ላይ ጥሎታል፣ ልጅሽ ጀርባውን ማሞቂያው ላይ ለጥፏል፣ እና አሁን ለማያውቀው የመብራት ሠራተኛ በነፃ ያድለዋል፣ አላወቀኝም፣ እንዴት ያውቅሃል፣ ስትሄድ ድምፅህ ገና ሲሰባበር ነበር፣ ስምህንም ቀይረሃል፣ ያንን ስም ቡርኒ የአውቶቡስ ጣቢያ ጥለህ ነው የመጣኸው። ሌላ ሽማግሌ ቢሆን እስካሁን አባቴ ይለው ነበር፣ አይዞዎት አባቴ፣ ቀስ ብለው አባቴ፣ ለሽማግሌ ሁሉ የሚላት ቃል ናት፣ ማርሊን አለቃው እንኳ በስብሰባ ላይ አመስግናዋለች፣ ሽማግሌዎች ይወዱሃል ብላ።

ማሞቂያው ምን ሆነ ጌታዬ?

ምንም አልሆነ፣ ባለ ጡቡ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ትልቁ፣ ታውቀው እንደሆን።

አውቀዋለሁ፣ ይላል ሮስ።

ሌሊት ይሞላል ቀን ይሰጣል፣ እሱ ደህና፣ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ድንጋይ ነው፣ እስከማታ ድንጋይ፣ ጎረቤቴ ኮል ሌላ ታሪፍ አለ ይለኛል፣ ከሰዓትም የሚሞላ፣ ውሸታም ነው እንግዲህ ኮል፣ እውነት ነው እንዴ?

እውነት ነው። ይሄን በእንቅልፉም ያስረዳል። እርስዎ ያሉት የሌሊት ብቻ የሚባለው ላይ ነው፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ጠዋት አንድ ሰዓት ጡቡ ይግላል፣ ከዚያ ቀን ቀን ሙቀቱን እየተፋ ይውላል፣ ሁለተኛው ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አስር ተኩል ደግሞ ይጨምርልዎታል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሰው መላክ አያስፈልግም፣ ከዚህ ሆነን ነው የምንቀይረው፣ ዛሬ ከተቀየረ ነገ ከሰዓት ይሞቃል፣ ይላል፣ ድምፁም አይንቀጠቀጥም፣ ይገርመዋል፣ ስድስት ዓመት ሲለው የኖረውን ምላስ ራሱ ይለዋል።

እሱን ነው የምፈልገው፣ እሱን አድርግልኝ።

ሂሳቡ በወይዘሮ ኤልማ ስም ነው ያለው፣ ራሳቸውን ማነጋገር አለብኝ፣ ያቅርቡልኝ። ይሄን ሲል ልቡ እንደ ሌባ ይሮጣል፣ አሁን ትመጣለች፣ እርጥብ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ማነው ትላለች፣ ሃሎ ትላለች፣ እሷ ታውቀዋለች፣ እሷ በሳሉ እንኳ ታውቀዋለች።

አልችልም ልጄ፣ ሞታለች፣ በመጋቢት።

በመጋቢት፣ ይላል ሮስ።

ሳንባዋ ነበር፣ እዚያ ቡርኒ ሆስፒታል፣ ሦስት ቀን አልሞላትም።

ጣቶቹ ይጽፋሉ፣ መጋቢት ብለው ይጽፋሉ፣ ባለቤት በሕይወት የለችም የሚለውን ሳጥን ይነካሉ፣ ጣት ምን አለበት፣ ጣት እናት የለውም፣ ነገር ግን ትናንት ሰኞ አይቷታል፣ ይሄ እንዴት ይሆናል፣ በየወሩ የመጀመሪያው ሰኞ ያያታል፣ አይፈቀድም፣ ቢታወቅ ያባርሩታል፣ ሂሳቧን ይከፍትና የፍጆታውን ግራፍ ብቻ ያያል፣ ሌላ ምንም፣ ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ ትንሿ ጉብታ፣ ማንቆርቆሪያዋን ጣደች፣ ቀትር ላይ ሌላ ጉብታ፣ ሾርባ አሞቀች፣ ማታ ቴሌቪዥን፣ ተኛች፣ ደህና ናት፣ ስልክ እደውልላታለሁ፣ የሚቀጥለው ወር እደውልላታለሁ፣ ስድስት ዓመት እንዲህ ሲል፣ በሚያዝያም አይቷታል፣ በግንቦትም፣ ትናንትም አስራ ሁለት ተኩል ላይ ጉብታዋ ነበረች፣ እና የእሱ ማንቆርቆሪያ ነበር፣ አምስት ወር ሙሉ በዚህ ሰውዬ ሻይ ሲጽናና ነበር።

ልጄ፣ አለህ?

አለሁ። ነፍስ ይማር ጌታዬ።

እሺ፣ አዎ፣ አመሰግናለሁ።

ያለቅስ ይመስልሃል? አያለቅስም፣ ሮስ ጆሮውን ተክሎ ይጠብቃል፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ይሰማል፣ የሮዝበሪ ነሐሴ፣ ተራራው ላይ ተንጠልጥሎ የማያባራው፣ እና ያ ዝናብ አንድ ሐሳብ ያመጣለታል፣ ክፉ ሐሳብ፣ ሞቅ የሚያደርግ ሐሳብ።

የቆጣሪውን ቁጥር ያንብቡልኝ ጌታዬ። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ነው፣ አስሩም አሃዝ፣ አፍንጫው ስር።

ቆጣሪው ውጭ ነው እኮ፣ በጓሮ በኩል።

አውቃለሁ፣ ማለቴ ብዙ ቤት እንደዚያ ነው፣ ያለ እሱ መቀጠል አልችልም።

በሩ ሲጢጥ ይላል፣ ያ በር ነው፣ ድምፁን ያውቀዋል፣ ከዚያ ዝናቡ ይጎላል፣ የሽማግሌ እግር ጭቃ ውስጥ፣ እርምጃ፣ እረፍት፣ እርምጃ፣ ሰባ ስምንት ዓመቱ መሆን አለበት፣ የሳጥኑ ክዳን፣ መነጽሬ፣ ይላል ለራሱ፣ ተመልሶ ይገባል መነጽሩን ፍለጋ፣ ደግሞ ይወጣል፣ ሮስ ወንበሩን ደገፍ ብሎ ያዳምጣል፣ አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ ይላል ሰውዬው እየጮኸ፣ ከዝናቡ ጋር እየታገለ፣ አስሩንም ያነባል፣ አንድ አይስትም፣ ተመልሶ ገብቶ በሩን ዘግቶ እስኪቀመጥ፣ ኡፍ እስኪል ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ነው የሚናገረው።

ይቅርታ ጌታዬ፣ መስመሩ ተቆራርጦብኝ የመጨረሻዎቹን ሦስቱን አልሰማሁም።

ድሮ ይሄኔ ብርጭቆ ይሰበር ነበር። ድሮ ይሄኔ ቀበቶው ከሱሪው ላይ እንደ እባብ እየተሳበ ይወጣ ነበር። አሁን ግን፣ እሺ፣ ይላል፣ ቆየኝ፣ ይላል፣ እና በሩ ደግሞ ሲጢጥ ይላል፣ ምነው ተሳደብ፣ ይላል ሮስ በልቡ፣ አንድ ጊዜ ተሳደብ፣ የማውቀውን ሰውዬ ስጠኝ፣ እኔ ለሱ ነው ሃያ ሁለት ዓመት ቃል ሳዘጋጅ የኖርኩት፣ ይሄን ጭቃ ውስጥ የሚጎተት ሽማግሌ ማን ላከብኝ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ መብራት አልነበረም፣ ውሻው ናገት ማሞቂያው አጠገብ ተዘርግቶ ያንኮራፋል፣ ይሰማዋል፣ ለውሻ ይፈቀዳል፣ እናቱ አትመጣም፣ አንድ ቀን እንኳ ያንን መቀርቀሪያ ከፍታ አታውቅም፣ ነገር ግን በበሩ ስር፣ በዚያች ጣት በማታስገባ ክፍተት፣ የሱፍ ካልሲ ቀስ እያለ ይገባ ነበር፣ በሹራብ ዘንግ እየተገፋ፣ መጀመሪያ የግራው ከዚያ የቀኙ። ይኸው ነበር የእሷ ጀግንነት። ይጠላት ነበር ለዚህ፣ ይወዳትም ነበር፣ ሁለቱን ለይቶ ሳይጨርስ ሞተች።

ሁለት፣ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ ሰማኸኝ?

ሰማሁ።

በስብሻለሁ እኮ፣ ይላል ክላይቭ፣ ይስቃል፣ ሳቁ ሳል ይሆናል፣ ኤልማ ብትኖር ትገድለኝ ነበር።

ማርሊን ከኋላው መጥታለች፣ ሽቶዋ ይቀድማታል፣ የስልኩን ሰዓት በጣቷ ታሳየዋለች፣ አስራ ስድስት ደቂቃ፣ ከዚያ ስክሪኑን ጎንበስ ብላ አንብባ ከንፈሯን ትመጥጣለች፣ ውይ ሚስቱ ሞታበት ነው? ትላለች በሹክሹክታ፣ ምን ታደክመዋለህ፣ አቅመ ደካማ የምትለዋን ንካለትና ይቀየርለት፣ በዚህ ብርድ፣ አንተ ደግሞ። ጀርባውን መታ አድርጋው ትሄዳለች። ሳጥኗ እዚያው ናት፣ አቅመ ደካማ ደንበኛ፣ አንድ ንክኪ፣ የሚስጥር ቃል አይጠየቅ፣ የሞት ወረቀት አይጠየቅ፣ በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ ነክቷታል፣ አንዷ ሴትዮ አቅመ ደካማም አልነበሩም፣ ሳቃቸው ስለጣመው ነው።

አሁንስ? እጁ መዳፊቱ ላይ ነው። ሰውዬው በስብሷል፣ ይበቃዋል፣ ስጠውና ዝጋ፣ ትልቅ ሰው ሁን።

ሊነካት ነበር። እውነቱን ለመናገር ሊነካት ነበር፣ ግን የማስታወሻውን ገጽ ከፈተ፣ ስድስት ዓመት ግራፉን ብቻ ሲያይ ይሄን ገጽ ከፍቶት አያውቅም፣ ምን ይጻፋል ብሎ፣ ሦስት መስመር ብቻ ነች፣ ያለፈው ዓመት ሰኔ፣ ደንበኛዋ ከሰዓት በኋላ ቤቱ በጣም ይበርዳል ብለው ወደ ሌሊትና ከሰዓት ታሪፍ መቀየር ጠየቁ፣ ተመዘገበ፣ በዚያው ቀን ከሃያ ደቂቃ በኋላ ባለቤታቸው ደውለው አያስፈልጋትም ብለዋል፣ ደንበኛዋ በስልኩ አጠገብ ነበሩ፣ እሺ ይሰረዝ አሉ፣ ተሰረዘ።

እሺ ይሰረዝ አሉ።

እጁን ከመዳፊቱ ላይ ያነሳል።

ጌታዬ፣ በዚህ ሂሳብ ላይ የሚስጥር ቃል አለ፣ ወይዘሮዋ ያስቀመጡት፣ እሱን ይንገሩኝና እንጨርሳለን።

የምን ሚስጥር ቃል፣ እሷ ናት እነዚህን ነገሮች የምትሠራው፣ እኔ ምን አውቄ።

ሦስት ጊዜ መሞከር ይቻላል፣ ይላል ሮስ፣ መስኮቷን ይከፍታል፣ ቃሉ ለሠራተኛው ብቻ ይታያል፣ በሰማያዊ፣ ያነበዋል፣ ደግሞ ያነበዋል። ዌይን።

አዳራሹ ይንጫጫል፣ ሠላሳ ሰው ስለ መብራት ያወራል፣ አንዱ ጥግ ላይ ሰው ልደት አለው መሰል ኬክ ይቆርሳሉ፣ እና ስሙ፣ የጣለው ስሙ፣ በእናቱ ተጽፎ፣ ሰው ሰምቶት በማያውቅበት ቦታ ተደብቆ፣ በደወለች ቁጥር ለማታውቀው ሠራተኛ ዌይን ስትል፣ ምናልባት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለው ለአንዱ፣ ከጎኑ ለተቀመጠው፣ በአፏ ልትለው የምትችልበት ብቸኛ ምክንያት አድርጋው፣ እዚያ ቤት ስሙ አይነሳም ነበርና፣ እና እሱ በስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ የእሷ ጥሪ ሳይደርሰው። እሺ። እሺ እንግዲህ። ለራሱ ይምላል፣ ሰውዬው ከተናገረው ይወስዳል፣ ያንን ስም በአፉ ካወጣው ሁለት ሰዓት ተኩሉን ይወስዳል፣ ይሙቀው፣ በእናቴ ሞት፣ ይሙቀው።

ናገት በለው፣ ይላል ክላይቭ፣ ውሻችን ነበር፣ ውሻ ትወድ ነበር።

አይደለም።

አይደለም? ደህና ውሻ ነበር እኮ። ቆይ እስኪ።

የሰው ስም ነው ጌታዬ፣ ይላል፣ መርዳት አይፈቀድም፣ ይረዳዋል።

አይቪ፣ የእናቷ ስም ነው፣ አይቪ በለው።

አይደለም፣ አንድ ቀርቷል፣ በደንብ ያስቡ፣ የቅርብ ሰው ነው፣ የቤተሰብ፣ በቤቱ ውስጥ የነበረ።

እዚህ ቤት ማን ይኖራል ልጄ፣ እኔና እሷ ነን።

ልጅስ?

ይሄ ከአፉ ሲወጣ ሮስ ዓይኑን ይጨፍናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። የሽማግሌው ትንፋሽ ይገባል፣ ይወጣል።

ልጅ የለንም፣ ይላል።

በቃ። እንዲህ ነው እንግዲህ ሰው የሚሞተው፣ ያለ ሳንባ፣ ያለ ሆስፒታል፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ተኩል ላይ፣ የቀዘቀዘ ቡና አጠገቡ እንደተቀመጠ፣ እና አይገርምም፣ ምን ፈልገህ ነበር፣ አንድ ወንድ ልጅ አለኝ፣ በድዬዋለሁ፣ የት ይሆን ያለው እንዲልህ? ለመብራት ሠራተኛ? ዝጋው። ሮስ፣ ዝጋው። ጣቱ መዝጊያው ላይ ነው።

ቆይ፣ ይላል ክላይቭ።

ይቆያል።

አንድ ነበር፣ አዎ፣ ነበር አንድ፣ ጥሎን ሄደ እንጂ፣ ጭራሽ ረስቼው፣ እሷ ሆደ ቡቡ ነበረች፣ እሷ እንዲህ ዓይነት ነገር ታደርጋለች፣ ዌይን ቢሆንስ? ዌይን ብለህ ሞክርልኝ እስኪ።

ወጣ። ከዚያ አፍ ወጣ፣ ያለ ጉዳት፣ ያለ ምንም፣ ለአሮጌ መኪና መለዋወጫ ዕቃ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ይሄ ካልሆነ ሌላውን እስቲ እይልኝ እንደሚል፣ ግን ወጣ፣ ምለሃል፣ በእናትህ ሞት ነው የማልከው፣ ሰማያዊው ቃል እዚያው ነው፣ ጻፈው፣ ሦስት ፊደል ነው፣ የራስህ ስም ነው፣ ካልሲው በበሩ ስር ሲገባ እግርህ ምን ያህል ይሞቅ እንደነበር ታውቃለህ፣ ጻፈው፣ እና ሮስ ይጽፋል፣ ናገት ብሎ ይጽፋል፣ የውሻውን ስም፣ ለሁለተኛ ጊዜ፣ መስኮቷ ቀይ ትሆናለች፣ ትቆለፋለች።

አይደለም፣ ይላል።

አይደለም?

አይደለም ጌታዬ።

እኔ ብሆን እሱን አልልም ነበር፣ ይላል ሽማግሌው፣ ቀስ ብሎ፣ ከአንድ ነገር እንደተረፈ ሰው ነው ወይስ አንድ ነገር እንደወደቀበት፣ ሮስ አይለየውም፣ ሊለየው ይፈልጋል፣ አይለየውም። እሷ ታደርገዋለች ብዬ እንጂ። እሺ፣ አሁን እንዴት ነው የሚሆነው?

አሁን ተቆልፏል፣ የሞት የምስክር ወረቀቱን በፖስታ ይልካሉ፣ ዋናውን፣ ሂሳቡ ወደ ስምዎ ይዞራል፣ ከዚያ ታሪፉን እንደገና ይጠይቃሉ፣ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

ስድስት ሳምንት ብርዱ ያልፋል እኮ።

ሊያልፍ ይችላል።

ይስላል፣ ረጅም ሳል፣ ስልኩን ከአፉ አርቆ፣ ከዚያ ሲመለስ ድምፁ ቀጥኗል። እሷ ነበረች እዚህ የምትቀመጠው፣ ኮሪደሩ አጠገብ፣ እኔ እኮ ማዕድን ማውጫው ውስጥ ነበርኩ፣ ከዚያም ወጥቼ መጠጥ ቤቱ፣ ከሰዓት ቤት ውዬ አላውቅም፣ ይበርደኛል ስትል ትነጫነጫለች እል ነበር፣ አሁን ስቀመጥበት ነው፣ እግር ይበላል ልጄ፣ ከታች ይጀምርና እግር ይበላል።

አዎ፣ ማለት ይችላል። አውቃለሁ፣ ማለት ይችላል፣ በባዶ እግር ሞክረኸዋል? ማለት ይችላል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያሰናዳው ቃል ሁሉ እነሆ ምላሱ ጫፍ ላይ ተሰልፎ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለት፣ እና የሚወጣው ሌላ ነው። ሌላ የምታዘዘው ነገር አለ?

የለም የለም፣ ብዙ አደከምኩህ፣ ስምህን ማን አልከኝ?

ሮስ።

ሮስ፣ ታጋሽ ልጅ ነህ፣ ሌላው እየዘጋብኝ ነው፣ አንተ ግን፣ አሳዳጊህ ይባረክ።

ጠቅ። ተዘጋ።

ስክሪኑ ምክንያት ይምረጡ ይለዋል፣ ደንበኛው የሚስጥር ቃሉን አያውቁም የሚለውን ይመርጣል፣ ይመዘገባል፣ እውነት ይሆናል፣ ማርሊን ከሩቅ አውራ ጣቷን ታነሳለታለች፣ እንዴት ሆነ? ተቀየረለት፣ ይላታል፣ ጎሽ ትላለች፣ ኬክ ና ብላ፣ ትላለች፣ ይመጣል፣ አሁን ይመጣል፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ፣ ጥሪው ይቀዳል፣ ሁሉም ጥሪ ይቀዳል፣ ይከፍተዋል፣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ሃያ ስድስተኛው ደቂቃ፣ ትንሽ አለፈ፣ ይመልሰዋል፣ እዚህ ጋ፣ ዌይን ቢሆንስ፣ ይላል የአባቱ ድምፅ በሁለቱም ጆሮው፣ ዝናብ ከኋላው፣ ዌይን ብለህ ሞክርልኝ እስኪ፣ ከዚያ የቁልፍ ሰሌዳ ኮሽታ፣ ከዚያ አይደለም የሚል ድምፅ፣ ደረቅ፣ አጭር፣ በር ከውጭ የሚቀረቅር ድምፅ፣ ማን ነው ይሄ፣ አባቱ ነው እንዴ መልሶ የተናገረው፣ ሮስ ያቆመዋል፣ ሁለት ሰው ነው ያለው በዚህ ቅጂ ውስጥ፣ አንዱ ሽማግሌ ነው፣ አንዱ እኔ ነኝ፣ ይመልሰዋል፣ ዌይን ቢሆንስ፣ አይደለም፣ ይመልሰዋል፣ ተረኛው ደንበኛ ጥሪ ላይ ነው፣ አረንጓዴዋ መብራት ቦግ እልም ትላለች፣ ሮስ፣ ሰልፉ፣ ትላለች ማርሊን፣ እሺ፣ ይላል፣ አንድ ጊዜ፣ ይመልሰዋል፣ አሁን ስሙን ይዘለዋል፣ ስሙን አይደለም የሚፈልገው፣ ያችን አንዲት ቃል ብቻ፣ አይደለም፣ ደግሞ፣ አይደለም